የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የአእምሮ ጤና፦ ጥያቄና መልስ

በደብረ ማርቆስ የምሠራ የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ። ከተማሪዎች የደረሱኝን አራት ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ግቢ ከገባሁ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ፤ ምግብም አያሰኘኝም። ናፍቆት ነው ወይስ ሕመም?

መልስ፦ ናፍቆት ጓደኛ ሲገኝና ቦታው ሲለመድ በአብዛኛው እየቀለለ ይሄዳል። ነገር ግን መከፋቱ ወይም በምንም ነገር አለመደሰቱ በየቀኑ ለማለት በሚያስችል ሁኔታ 2 ሳምንት ከቆየ፣ አንድ ገጽ አንብቦ መጨረስም ካቃተህ፣ ድባቴ ሊሆን ስለሚችል ፋይናል እስኪያልፍ ሳትጠብቅ ወደ ግቢው ክሊኒክ ሂድ። የደም ማነስና የእንቅርት እጢ መዛባትም ተመሳሳይ ድካም ስለሚያመጡ ምርመራው እነርሱንም ይለያል።

ጥያቄ፦ እናቴ ክኒኑን ትቼ ጠበል እንድጠመቅ ትፈልጋለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሁለቱን አብረህ ማስኬድ ትችላለህ። እኔም ጎጃም ውስጥ ስላደግሁ፣ ጸሎቱና የሰዉ አብሮነት ለተጨነቀ ልብ ምን ያህል ብርታት እንደሚሰጥ አውቃለሁ። ጉዳት የሚያመጣው መድኃኒትን በድንገት ማቋረጥ ነው። የድባቴ መድኃኒት ለውጡ በአብዛኛው የሚታየው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ቆይቶ ስለሆነ፣ በመጀመሪያው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብለው የሚተዉ ተማሪዎች ሁልጊዜ ያሳዝኑኛል። የምትጾም ከሆነ ለባለሙያው ንገረው፤ የመውሰጃ ሰዓቱን ከጾምህ ጋር ማስማማት ብዙ ጊዜ ይቻላል። እናትህንም በቀጠሮህ ቀን ይዘሃት ና፤ ከባለሙያው አፍ ሰምተው ክኒኑን በሰዓቱ የሚያስታውሱ እናቶች ጥቂት አይደሉም።

ጥያቄ፦ ለፈተና ሌሊቱን በጫት ባድር ይጎዳኛል?

መልስ፦ አዎ። ያነበቡት በአእምሮ የሚጸናው በእንቅልፍ ጊዜ ጭምር ነው፤ ጫት ደግሞ እንቅልፍን ነሥቶ ጭንቀትን ያባብሳል።

ጥያቄ፦ የዶርም ጓደኛዬ «ብሞት ይሻለኛል» አለችኝ። ብጠይቃት ሐሳቡን አባብሰው ይሆን?

መልስ፦ አታባብሺውም። «ራስሽን ለማጥፋት አስበሻል ወይ?» ብለሽ በእርጋታ በግልጽ ጠይቂያት፤ ሳትገሥጫት፣ «ኃጢአት ነው» ብለሽም ሳታቋርጫት አድምጫት። ብቻዋን አትተዊያት፤ ራሷን ልትጎዳበት የምትችለውን ነገር ከአጠገቧ አርቂ። ምስጢሯን እንድትጠብቂ ብትለምንሽም በዚህ ጉዳይ ቃል አትግቢላት። ወደ ግቢው ክሊኒክ አብረሻት ሂጂ፤ ሌሊት ከሆነ ለፕሮክተሯ ነግረሽ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል፣ ባሕር ዳር ከሆናችሁም ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ውሰዷት፤ ባለሙያ እስኪያያት ድረስም አብረሻት ቆዪ።