ሉመናቸው እኩል ሆኖ ሉክሳቸው አሥር እጥፍ የተለያየ አምፖሎች

ሰላም ወንድሜ፣ ጥያቄህን በአጭሩ ልድገመው። ሁለት አምፖል አለህ፣ ካርቶናቸው ላይ እኩል 500 ሉመን ተጽፏል። ማታ ሌላውን መብራት ሁሉ አጥፍተህ ከጠረጴዛው 2 ሜትር ከፍ አድርገህ ተራ በተራ ስታበራቸው መለኪያው በአንዱ 40 ሉክስ አካባቢ፣ በሌላው 400 አካባቢ አሳየህ። «አንዱ ካርቶን ዋሽቷል ወይስ መለኪያዬ ተበላሽቷል? ሉመንን ወደ ሉክስ መቀየሪያ ቀመርስ አለ?» ብለሃል።

ካርቶኑም አልዋሸም፣ መለኪያህም ደህና ነው። ሥራዬ መብራት መግጠም ስለሆነ ይህን ጥያቄ ከደንበኞች ደጋግሜ እሰማዋለሁ። እኔም መልሼ የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው፦ ብርሃኑ የት ሲደርስ ነው የተለካው? ከአምፖሉ ሲወጣ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሄድ፣ ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ፣ ከጠረጴዛው ነጥሮ ዓይን ውስጥ ሲገባ፤ ለእያንዳንዱ የየራሱ መለኪያ አለው። ግራ የምንጋባው አራቱንም በጅምላ «ድምቀት» ስለምንላቸው ነው።

ሉመን አምፖሉ በሁሉም አቅጣጫ የሚያወጣው የብርሃን ድምር ነው። ወዴት እንደሚሄድ ግን አይነግርህም፤ እሱን የሚነግርህ ካንዴላ ነው። እስቲ ካርቶኖቹን ገልብጠህ የዲግሪ ምልክት ፈልግ። ከቁጥሮችህ እንደምገምተው አንዱ 36 ዲግሪ፣ ሌላው 120 ዲግሪ ይላል። 500 ሉመን በ36 ዲግሪ ማዕዘን ውስጥ ሲጨመቅ ወደ 1,600 ካንዴላ ይሆናል፤ በ120 ዲግሪ ሲበተን ግን 160 ገደማ ነው። አሥር እጥፉ የመጣው ከዚህ ነው። (ስሌቱ ብርሃኑ በማዕዘኑ ውስጥ እኩል እንደተበተነ ስለሚያስብ ግምት ነው። በእውነቱ መሃሉ ይደምቃል፣ ጠርዙ ይደበዝዛል፣ ከጠርዙ ውጭም የሚያመልጥ አለ።)

ከካንዴላ ወደ ሉክስ ለመሄድ በርቀቱ ካሬ ማካፈል ነው። 2 ሜትር ሲካሬ 4፤ 1,600 ለ4 ሲካፈል 400፣ 160 ለ4 ሲካፈል 40። ያነበብከው እሱን ነው! ሉክስ ማለት አንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፍ ሉመን ስለሆነ ስፋቱን ወይም ማዕዘኑንና ርቀቱን ሳታውቅ ሉመንን ብቻ ይዘህ ወደ ሉክስ መሻገር አትችልም። ኢንተርኔት ላይ ሉመን ብቻ ጠይቀው ሉክስ የሚሰጡ ማስያዎችን እኔ አላምናቸውም። መለኪያህ አሜሪካን ሠራሽ አሮጌ ከሆነ ደግሞ ፉት ካንድል ላይ እንዳልተቀመጠ አረጋግጥ፤ 1 ፉት ካንድል ወደ 10.76 ሉክስ ነው።

የርቀቱ ሕግ የሚሠራው ግን መብራቱ ከርቀቱ አንጻር ትንሽ ሲሆን ነው። ሥራ ላይ የምንከተለው ልማድ ርቀቱ የመብራቱን ርዝመት ቢያንስ አምስት እጥፍ ይሁን የሚል ነው። ረጅም ቱቦ ሥር ተጠግተህ ከለካህ ቀመሩ አይሠራም። መለኪያውንም በእጅህ አንጠልጥለህ አትለካ፤ ጠረጴዛው ላይ አጋድመህ ራቅ በል። ጥላህ ያጠፋዋል፣ ነጭ ሸሚዝህ ደግሞ ይጨምርበታል። ማዘንበሉም ቀላል አይደለም፦ ብርሃኑ 60 ዲግሪ ተጋድሞ ሲመጣ ንባቡ በግማሽ ይወርዳል። የስልክ መተግበሪያ ከሆነ የምትጠቀመው ሁለት መብራት ለማወዳደር ይበቃሃል፤ ቁጥሩን ግን እንደ ማስረጃ አትያዘው፣ ስልክ ከስልክ ይለያያል።

ዋት የብርሃን መለኪያ አይደለም፣ አምፖሉ የሚበላው ኃይል ነው። ሉመን የዓይናችንን ስሜት ይዞ የሚቆጠር ስለሆነ የቴሌቪዥን ሪሞት የሚረጨው ኢንፍራሬድ ዋት አለው፣ ሉመኑ ግን ዜሮ ነው። ከ1979 ወዲህ ካንዴላ የሚተረጎመው ዓይናችን በቀን በጣም በሚያየው አረንጓዴ ብርሃን፣ በ555 ናኖሜትር አካባቢ፣ 1 ዋት 683 ሉመን ነው በሚል ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዘመን እንግሊዞች ከዓሣ ነባሪ ስብ በተሠራ ሻማ ይለኩ ነበር። ዛሬም ተራ ሻማ 1 ካንዴላ ገደማ ነው።

አራተኛው፣ ከቦታው ነጥሮ ወደ ዓይን የሚመጣው፣ በካንዴላ በካሬ ሜትር ይለካል፤ የስክሪን ሻጮች ኒት የሚሉት እሱን ነው። ደንበኛ «ሉክሱ ሞልቷል ትላለህ፣ ቤቱ ግን ጨለማ ነው» ብሎ ሲከራከረኝ መጀመሪያ የማየው ግድግዳውን ነው። 500 ሉክስ ያረፈበት ነጭ ወረቀት ወደ 125 ኒት ይመልሳል። ያው ሉክስ ጥቁር ቡናማ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ጥቂት ብቻ ነው የሚመለሰው። መለኪያው ግን ሁለቱም ጋ 500 ይላል።

እንግዲህ ጠረጴዛው ለንባብ ከሆነ፣ ለቢሮ ሥራ የሚመከረው 500 ሉክስ ስለሆነ ባለ 36 ዲግሪው ይቀርበዋል። የሚሸፍነው ግን 1 ሜትር ከ30 የሚሆን ክብ ብቻ ነው፣ ከዚያ ውጭ ቶሎ እየደበዘዘ ይሄዳል። ባለ 120ውን ከጠረጴዛው 63 ሴንቲ ሜትር ድረስ ብታወርደው እሱም 400 ይሰጥሃል፤ ግን ዓይንህ ውስጥ እንዳይገባ መሸፈኛ አብጅለት።