ቅርጽ ማውጫው ከመበየዱ በፊት

ባለፈው ሰሞን ከአዘዞ አንድ ወጣት በያጅ የላከልኝ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ። ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚፈስ ማገዶ ቆጣቢ የእንጀራ ምድጃ ሠርቷል። እናቱ ጋግረውበት ወደውታል። አሁን ብድር ወስዶ፣ ሲሚንቶው የሚፈስበት ስድስት የብረት ቅርጽ ማውጫ በይዶ፣ ከጥምቀት በፊት ሦስት መቶ ምድጃ ሊያወጣ አስቧል። የጠየቀኝ «በስንት ልሽጠው?» ብሎ ነው።

የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ ጎንደርና አካባቢዋ የተበተነ አንድ ምድጃ ትዝ አለኝ። ካቀዱት ሰዎች አንዱ ነበርኩ። ስለ ራሴ የምለው ይብቃ፤ ስለ ምድጃው ልንገራችሁ፤ የሚቆጨኝም እሱ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አልነበረም። በ1980ዎቹ የወጣው ምርጥ ምድጃ በጉልቻ ከመጋገር ጋር ሲነጻጸር ማገዶን እስከ ግማሽ እንደሚቆጥብ የታወቀ ነበር። የኛው ቀለል ያለ፣ በአህያ የሚጫን፣ አፉ ጠበብ ያለ ሆኖ ተነደፈ። ሙከራው ወርክሾፕ ውስጥ ተደረገ፤ ወሩ ጥር፣ ማገዶው የተፈለጠ ደረቅ ባሕር ዛፍ፣ ጋጋሪዋ አንዲት ባለሙያ ሴት። ውጤቱ አማረ፤ ቅርጽ ማውጫው ተበየደ፤ ምድጃው ወጣ። ከጥቂት ወራት በኋላ ቤት ለቤት ሲታይ ግን በብዙ ማድ ቤት ጉልቻው ተመልሶ፣ ምድጃው ጥግ ይዞ፣ አንዳንዱ ውስጥ ዶሮ ታቅፋበት ተገኘ።

ሴቶቹ አልሰነፉም፤ «አዲስ ነገር አይወዱም» የሚለውን ወሬ ተዉት። ምክንያቱ በየቤቱ የሚቃጠለው ነገር ነው። ፍልጥ የሚገዛው ጥቂቱ ነው፤ የቀረው የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ ጭራሮና ኩበት ያነዳል። ቅጠል ቦግ ብሎ ወዲያው ስለሚያልቅ በእቅፍ እየተዘገነ ያለማቋረጥ መግባት አለበት፤ ለዚያ ሰፊ አፍ ይፈልጋል። ኩበት ደግሞ ቀስ ብሎ ይነዳል፣ አመዱ ብዙ ነው፣ አየሩን ከሥር ይሻል። አመዱ ሲቆለል እሳቱ ይታፈናል፤ የታፈነ እሳት ይጨሳል። ለፍልጥ የተለካው ጠባብ አፍ ለሁለቱም አልሆነም። ጢስ ሊቀንስ የመጣ ምድጃ ጢስ ጨመረ።

ሁለተኛው ጥፋት ምጣዱ ነው። የምድጃው ከንፈር በአንድ ልክ ተሠራ፤ ምጣድ ግን በእጅ የሚሠራ ሸክላ ነውና አንዱ ከሌላው በሦስት፣ በአራት ሴንቲ ሜትር ይለያያል። ትንሹ ምጣድ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ትልቁ ይወዛወዛል፤ በክፍተቱ ሙቀቱም ጢሱም ይወጣል። ሴቶቹ በጭቃና በጨርቅ ይደፍኑት ነበር። ቅዳሜ ገበያ ወርዶ የአሥር ምጣድ ዙሪያ በገመድ መለካትና ለ3.14 ማካፈል የአንድ ጠዋት ሥራ ነው፤ ያንን ያደረገ አልነበረም። ከንፈሩ ቀጥ ያለ ከሚሆን ወደ ውስጥ ዘምበል ቢል ኖሮ ትንሹም ትልቁም ይቀመጥበት ነበር።

ምጣድ ካነሳሁ አይቀር፣ ወደ ደባርቅ መውጫ ያለችው ወለቃ የሸክላ ሴቶች ጋር ሄዳችሁ ተቀመጡ። አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ሳይሟሽ እንጀራው ተጣብቆ እንደሚቀር ማንም ጽፎ አልሰጣቸውም፤ ለገዢዋ ግን ይነግሯታል። ምርት ከነአጠቃቀሙ መሸጥ ከእነሱ የሚቀሰም ነው።

ሦስተኛው እሳቱ ወደ ኋላ መሳቡ ነው። የጢስ መውጫው ሲሰፋ ነበልባሉ ወደዚያ ይሮጣል፤ እንጀራው በኋላ በኩል ይነድና በፊት በኩል ሊጡ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ዓይንም አያወጣም። ዓይን የሌለው እንጀራ ለእንግዳ አይቀርብም፤ ማገዶ ቆጠበ ተብሎ ይህን የምትቀበል የቤት እመቤት የለችም።

ሌላም ነበር። በችኮላ የተነሳ ምድጃው ፈሶ በሦስተኛ ቀኑ ይጫን ነበር። ሲሚንቶ ቢያንስ ሰባት ቀን እየረጠበ፣ ከፀሐይ ተጠልሎ መቆየት አለበት፤ ሙሉ ጥንካሬውን የሚይዘው በ28 ቀን ገደማ ነው። ከዚያም ደርቆ፣ የመጀመሪያዎቹ እሳቶች በጭራሮ ለስለስ ብለው ይጀመራሉ። ውስጡ ውሃ ያለ ምድጃ ላይ አንደኛውን ቀን ኃይለኛ እሳት ሲለቀቅ ውሃው እንፋሎት ሆኖ መውጫ ሲያጣ ግድግዳውን ይሰነጥቀዋል። ገዢዋም «ተሰነጠቀ» ብላ ለጎረቤቷ ትነግራለች፤ የዚያ ሰፈር ገበያ በዚያው ተዘጋ።

ዛሬ ብሆን ቅርጽ ማውጫ ሳይበየድ አምስት ምድጃ ብቻ በጭቃ፣ በሳንቃ፣ በተገኘው ተሠርቶ አምስት ቤት ይግባ እላለሁ። የሚንጠለጠል ሚዛን ያዙ። ጋጋሪዋ ከመጀመሯ በፊት ማገዶውን መዝኑ፤ ስትጨርስ የተረፈውን መዝኑ፤ የቀረውን ከሰል ለብቻ፤ የወጣውን እንጀራ በኪሎ። ያቺው ሴት፣ በራሷ ምጣድና በራሷ ማገዶ፣ በጉልቻ ሦስት ጊዜ፣ በአዲሱ ሦስት ጊዜ፣ እያፈራረቀች። ለአንድ ኪሎ እንጀራ ስንት ማገዶ እንደነደደ ያን ጊዜ ይታወቃል። የሐምሌን ውጤት ከጥር ጋር አታወዳድሩ፤ እርጥብ እንጨት ውሃ ተሸክሞ ነው ሚዛን ላይ የሚወጣው። ከዚያ ምድጃውን ትታችሁላት ሂዱ፣ ሳትናገሩ በሦስተኛው ሳምንት ተመለሱ። ምድጃው ሞቆ ከተገኘ ምርት አላችሁ።

የዛሬ ልጆች ከዕቃው በፊት አርማውን ታሠራላችሁ፣ የቴሌግራም ቻናሉን ትከፍታላችሁ። ይህ ያሳዝነኛል። ግን በመመዝገብ ከኛ ትበልጣላችሁ፤ ስልካችሁ ውስጥ የሚቀመጠው ቁጥር በኛ ጊዜ በየወረቀቱ ጠፍቶ የቀረ ነው።

ዋጋውን በሚመለከት፣ ከፈሰሰው አሥር ምድጃ አንዱ መሰበሩ አይቀርም ብላችሁ ያዙ። አንዱ 500 ብር ቢፈጅ አሥሩ 5,000 ብር ነው፤ የሚሸጠው ዘጠኝ ነውና እያንዳንዱ 556 ብር ገደማ ቆመባችሁ ማለት ነው። የባጃጁን፣ የአራጋፊውን፣ የሱቁን ትርፍ ከዚያ በላይ ደምሩ።

ማን ቀድሞ ይገዛል? ማገዶ በብር የሚገዛ ሰው። ከተማ ውስጥ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ ሴቶች በየቀኑ ያነዳሉ፤ የቆጠበላቸው በሳምንቱ ኪሳቸው ውስጥ ይታያል። ከጫካ የሚለቅም ቤት ግን የሚያተርፈው የልጅቷን ጊዜ ነው፤ ገንዘቡን የሚያወጣው አባወራ ያንን በብር አይቆጥረውም። ገጠር የምትሸጡ ከሆነ እህል ተወቅቶ ብር የገባበትን ጊዜ ጠብቁ፤ በክረምት ያለው ወጪ ብቻ ነው። በአንዴ የማይከፈለውን ዕቁብ ይከፍለዋል።

በአሜሪካ አዮዋ 259 ገበሬዎች ስለ ዲቃላ የበቆሎ ዘር ተጠይቀው ጥናቱ በ1943 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ወሬውን ከማንም ቀድሞ ያመጣላቸው የዘር ሻጩ ነበር፤ ያሳመናቸው ግን ጎረቤት። ቀድመው የተቀበሉትም መጀመሪያ ትንሽ መሬት ላይ ዘርተው ነው ያዩት። ለኛ ያ የጎረቤት ማሳ የጽዋ ማኅበር ነው፤ ባለ ተራዋ ቤት በአዲሱ ምድጃ የተጋገረ እንጀራ ሲቀርብ ሃያ ሴት በአንድ ቀን ታየዋለች። ስለዚህ ምድጃው ፍጹም እስኪሆን አትጠብቁ፤ ለታወቀች ጋጋሪ ቶሎ ስጧት። ከላይ አትቸኩሉ ማለቴን አልረሳሁም። መዘግየት ያለበት ቅርጽ ማውጫው ነው።

አንድ ነገር በመጨረሻ ያወቅነው ከአንዲት አሮጊት ነው። በጉልቻ ሲጋገር ጋግረው ሲያበቁ ፍሙ ይተርፋል፤ ቡናው የሚፈላው በዚያ ነው። በእኛ ምድጃ ፍም አይተርፍም፤ ለቡናው ከሰል መግዛት መጣ። ማገዶ ስንቆጥብ የቡና እሳታቸውን ወሰድንባቸው፤ በየትኛውም ወረቀታችን ላይ ቡና የሚል ቃል አልነበረም።

የአዘዞው ልጄ፣ እናትህ ስለወደዱት ደስ ይበልህ፤ እናት ግን የልጇን ሥራ አትነቅፍም። ብድሩን አቆየው። አራቱን ምድጃ ለፈለግኸው ስጥ፣ አምስተኛውን ግን ቅጠል ጠርጋ ከምታነድ ሴት ቤት አስገባው፤ ሚዛኑንም አትርሳ፤ ጋግራ ስትጨርስ ቡና በምን እንደምታፈላ ቁጭ ብለህ እይ።