ብርቱካኑ ከግንዱ ሙጫ ያወጣል፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከመርሳ አካባቢ ነው። ስምንት ዓመት ገደማ የሆናቸው 40 የብርቱካን ዛፎች አሉኝ። ክረምቱ ከወጣ ወዲህ የአንዳንዶቹ ግንድ ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሎ እየተሰነጠቀ ቡናማ ሙጫ ያወጣል፤ ቅጠላቸውም ቢጫ ሆኖ ይረግፋል። ሦስቱ ደርቀዋል። የማጠጣው በቦይ ነው፤ በመካከላቸውም ሽንኩርት አለ። ዩሪያ ጨመርኩ፣ የተባይ መድኃኒትም ረጨሁ፤ ለውጥ አላየሁም።

መልስ፦ የገለጹት ምልክት ፋይቶፍቶራ የሚባለው፣ በአፈር ውስጥ የሚኖር ሻጋታ መሰል ተሕዋስ የሚያመጣው የግንድ ብስበሳ ይመስላል። የተባይ መድኃኒት አይነካውም። የዚህ ተሕዋስ ዘር በውኃ ውስጥ ይዋኛል፤ ስለዚህ በአንድ ቦይ ከዛፍ ዛፍ የሚያልፈው ውኃ በሽታውን ከታመመው ወደ ጤነኛው ያደርሰዋል። ግንዱ ሲረጥብ ከዋለ ደግሞ ቅርፊቱን ዘልቆ ይገባል፤ ዶማ ያቆሰለው ከሆነማ በሩ ተከፍቶለታል።

በቅጠሉ የተሠራው ምግብ ወደ ሥር የሚወርደው በቅርፊቱ በኩል ነው። ቅርፊቱ ሲበሰብስ ሥሩ ይራባል፣ ቅጠሉም ከመካከለኛው ጅማት ጀምሮ ቢጫ ይሆናል። ዩሪያው የማይረዳውም ለዚህ ነው፤ ጭራሽ የደከመው ሥር ሊያጠጣው የማይችለውን ለጋ ቅጠል ያስወጣል። ዛፎቹ እስኪያገግሙ ይተዉት።

ሙጫ ብቻውን ማስረጃ አይደለም፤ ግንድ ቦርቧሪ ትልም ሙጫ ያስወጣል፣ ዝናብም ያጥበዋል። በቢላ ከሙጫው ሥር ያለውን ቅርፊት ትንሽ ይፋቁት፦ ጤነኛው ነጣ ያለ ወይም አረንጓዴ፣ የታመመው ቡናማ ነው። አፈሩን ከግንዱ ገለጥ አድርገው እስከ ዋናዎቹ ሥሮች መነሻ ይመልከቱ። አብዛኛውን ጊዜ ቁስሉ ከላይ ከሚታየው ይልቅ ከአፈር በታች ይሰፋል።

ከመድኃኒቱ በፊት ውኃውን ያስተካክሉ። ይህ ካልሆነ የሚቀቡት ሁሉ ከንቱ ድካም ነው። በግንዱ ዙሪያ ከ45 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ድረስ ውኃ የማያልፈው ክብ እርከን ይሥሩ፤ አፈሩ ግን ግንዱን አይንካ። ውኃው የሚገባው ከእርከኑ ውጭ፣ ከቅርንጫፎቹ ጫፍ ሥር ባለው ክብ ቦይ ነው፤ ውኃ መጣጮቹ ሥሮች የሚበዙት እዚያ ነው። ለእያንዳንዱ ዛፍ ከዋናው ቦይ የራሱን መግቢያ ያውጡለት። ሽንኩርቱ ቢያንስ ከቅርንጫፎቹ ጥላ ይውጣ፤ እሱ ቶሎ ቶሎ ውኃ ይፈልጋል፣ ብርቱካን ግን በየመሃሉ አፈሩ መናፈስ አለበት። 30 ሳንቲ ሜትር ቆፍረው አፈሩን ይጨብጡት፦ ድብልብል ብሎ ከተያያዘ የማጠጫው ቀን አልደረሰም። መሬቱ ዋልካ ከሆነ የክረምቱን ውኃ የሚያስወጣ ቦይ ግድ ነው።

ከዚያ በደረቁ ወቅት ቁስሉን ይፋቁ። ቡናማውን ቅርፊት በሙሉ፣ በዳሩም 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ጤነኛውን ጨምረው ያንሱ፤ ወደ እንጨቱ ግን አይግቡ። ፍቅፋቂውን ሰብስበው ያቃጥሉ፤ ቢላውን ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲሄዱ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ በጥብጠው ይንከሩት።

ቁስሉ ሲደርቅ የቦርዶ ቅባት ይቀቡ። 1 ኪሎ ግራም የመዳብ ሰልፌት በ5 ሊትር ውኃ፣ 1 ኪሎ ግራም ያልሞተ (ውኃ ያልነካው) ኖራ በሌላ 5 ሊትር ውኃ ለየብቻ ያሟሙ። ኖራው ውኃ ሲነካው ይፈላልና ቀስ እያሉ ይጨምሩ፤ ሲበርድ ይጠቀሙበት። ከዚያ መዳቡን ወደ ኖራው እያማሰሉ ያፍስሱ። ዕቃው ፕላስቲክ ይሁን፤ መዳቡ ቆርቆሮን ይበላል። ንጹሕ ምስማር ለደቂቃ ነክረው ያውጡ፤ ቀይ ሽፋን ከያዘ ኖራው አንሷልና ይጨምሩ። በአሮጌ ኖራ ሲሠራ ይህ ያጋጥማል፤ እንዲያው ቢቀቡት ቅርፊቱን ያቃጥላል። በዕለቱ ይጨርሱት፣ ጓንት ያድርጉ፣ ከከብት ያርቁት። ጤነኞቹንም ዛፎች ከሥራቸው መነሻ እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ይቀቡ፤ ሰኔ ሳይገባና ክረምቱ ሲወጣ ይድገሙት።

ቁስሉ የግንዱን ዙሪያ ከግማሽ በላይ ከያዘ ዛፉን አይድከሙበት፤ ከነሥሩ ነቅለው ያቃጥሉት። ጉድጓዱ ላይ ወዲያው ሌላ ብርቱካን አይትከሉ።

የእርስዎ ዛፎች ከፍሬ የበቀሉ ይሁኑ የተዳቀሉ፣ ማለትም በሌላ ዛፍ ሥረ ግንድ ላይ የተጣበቁ፣ አልነገሩኝም። ጣፋጭ ብርቱካንም ሆነ ሎሚ ለዚህ በሽታ ደካማ ነው፤ ከፍሬ የበቀለ ከሆነ ግንዱ እስከ ሥሩ ተጋላጭ ነው። የተዳቀለ ሆኖ የተዳቀለበት ቦታ በአፈር ከተቀበረም ያው ነው፤ አፈሩን ዛሬውኑ ያንሱለት። ኮምጣጣ ብርቱካን ላይ የተዳቀለ ችግኝ ብስበሳውን ይቋቋማል፤ ነገር ግን ትሪስቴዛ የሚባለው ቫይረስ ያጠቃዋል። ትሮየር ወይም ካሪዞ የተባለ ሥረ ግንድ ከተገኘ ሁለቱንም ስለሚችል እመርጠዋለሁ። ችግኝ ሲገዙ የተዳቀለበት ቦታ ከአፈሩ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለውን ይምረጡ፤ ሲተክሉም አፈሩ መስመጡ ስለማይቀር በላስቲኩ ከነበረበት ጥልቀት ጥቂት ከፍ ያድርጉት።