ስለ ኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ጠይቁኝ

ሰላም ቤተሰብ። እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት አለሁ። በዋናነት የምመልሰው ስለ ኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ነው። ከሁሉ በፊት ግን አደራ፦ ማስረጃ አታጥፉ።

ጥያቄ፦ ቴሌግራሜን ጠልፎ በእኔ ስም አክስቴን "ታምሜያለሁ፣ ብር ላኪልኝ" አላት። ላከችለት። ይሄ በሕግ ምን ይባላል?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ። አንድ ወንጀል ብቻ አይደለም። ያለፈቃድ አካውንትሽ ውስጥ መግባቱ አንቀጽ 3 ነው። አክስትሽን ማታለሉ አንቀጽ 10 ነው። በማንነትሽ መነገዱ አንቀጽ 11 ነው።

አሁኑኑ አክስትሽ ባንኳ ጋ ትደውል። ከዚያ ፖሊስ ጋ ሂዱ። የላከበትን የሒሳብ ቁጥር፣ ደረሰኙንና ቻቱን ከነቀኑና ከነሰዓቱ ያዙ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። አንቀጽ 24 አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ ዳታ ለአንድ ዓመት እንዲያስቀምጡ ያዛል። ይህ ማለት ማን ከማን ጋር፣ መቼ እንደተገናኘ የሚያሳየው መረጃ ነው። የተባባላችሁት ቃል ግን እዚያ ውስጥ የለም። ቃሉ ያለው እናንተ ስልክ ላይ ነው። ስለዚህ ቻቱን ስታጠፉ ለሌባው ነው የምታግዙት። ከዓመት በኋላ ስትመጡ ደግሞ ያኛውም መረጃ ላይገኝ ይችላል።

ጥያቄ፦ ሀከር ስንት ዓመት ይታሰራል?

መልስ፦ ምን ያደረገ ሀከር? እንዲህ ለተጠየቀ መልስ የለኝም።

ጥያቄ፦ የባለቤቴን ስልክ ተኝቶ ሳለ በጣቱ ከፍቼ አነበብኩ። ወንጀል ነው እንዴ?

መልስ፦ በአዋጁ ትርጉም ስልክም ኮምፒውተር ነው። አንቀጽ 3 ያለፈቃድ መግባትን ሲከለክል ባልና ሚስትን አልለየም። ቅጣቱ እስከ ሦስት ዓመት ቀላል እስራት ወይም ከ30 ሺህ እስከ 50 ሺህ ብር መቀጮ ነው፤ ሁለቱም ሊሆን ይችላል።

አንድ አባል፦ ባልና ሚስት አንድ አካል ናቸው! ምን ምስጢር አለ?

ሌላ አባል፦ ታዲያ ለምን ተኝቶ ጠበቀች? ነቅቶ እያለ አትጠይቀውም?

ሦስተኛ አባል፦ የእኔ ሚስት ፓስወርዴን ታውቃለች፣ ሰላም ነው የምንኖረው።

መልስ፦ ወገኖቼ፣ የትዳር ምክር ሌላ ቀን። ፓስወርዱን ራሱ ከሰጣት ፈቅዷል ማለት ነው። ተኝቶ ጣቱን መውሰድ ግን ፈቃድ አይባልም።

ጥያቄ፦ ሌባውን መልሰን ሀክ ብናደርገውስ? የሚችል ልጅ አለ።

መልስ፦ አይሆንም። ልጁም እናንተም በዚያው አንቀጽ 3 ትጠየቃላችሁ።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነኝ። አብራኝ የምትኖር ልጅ ክፍላችን ውስጥ ሳላውቅ ቀርጻኝ ቲክቶክ ላይ ለቀቀችው።

መልስ፦ የምትዳኙት በዚያ አገር ሕግ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው የኤምሬትስ የሳይበር ወንጀል ሕግ ለዚህ ከስድስት ወር የማያንስ እስራት፣ ወይም ከ150 ሺህ እስከ 500 ሺህ ድርሃም መቀጮ አለው፤ ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ቪዲዮው ሳይጠፋ ሊንኩን ያዢና ለዱባይ ፖሊስ አመልክቺ። አንቺም የአሠሪዎችሽን ቤት ቀርጸሽ እንዳትለጥፊ።

ጥያቄ፦ ፌስቡክ ላይ ሰደቡኝ።

መልስ፦ ምን ብለው? ጽሑፉን ሳላይ አልመልስም።

ጥያቄ፦ ቴሌግራሜ ተጠለፈ፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ እኮ ነው። ወደ ላይ ወጥተህ አንብብ።

ጥያቄ፦ አንብቤዋለሁ ጋሼ። እኔ ግን ተናድጄ ቻቱን አጠፋሁት።

መልስ፦ ይቅርታ፣ ተቻኮልኩብህ። ለሁለታችሁም ብለህ ካላጠፋኸው ሌባው በአንተ ስም ብር የጠየቀው ሰው ስልክ ላይ ይኖራል። አሁን ደውልለት። ምንም እንዳይነካ ንገረው።