ፒያኖ ለጀመራችሁ ልጆቼ

የደብረ ብርሃንን የጠዋት ብርድ ታውቁታላችሁ። ከ2,700 ሜትር በላይ ነው ያለነው፤ ጣት ይደርቃል። ስለዚህ ተማሪ ሲመጣ ወዲያው ፒያኖ አላስነካውም። «እጅህን ብብትህ ውስጥ ክተት» እለዋለሁ። በቀዘቀዘ ጣት የተጀመረ ልምምድ መገተርን ያስለምዳል።

ብዙዎቻችሁ የጀመራችሁት በኪቦርድ ነው። ጥሩ ነው፣ ባለው መጀመር ነው። ግን የብዙው ኪቦርድ ቁልፍ ቀላል ነው። ፒያኖ ላይ ከእያንዳንዱ ቁልፍ ጀርባ መዶሻ አለ። ቁልፉ የሚወርደው አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። መዶሻው የሚወነጨፈው ደግሞ ቁልፉ ታች ሳይደርስ በፊት ነው። ክሩን መትቶ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ የቱንም ያህል ብትጫኑ ድምፁ አይጨምርም፤ ለክንዳችሁ ድካም ነው የሚተርፈው። ድምፁን የሚያጎላውም የሚያለሰልሰውም ቁልፉ የሚወርድበት ፍጥነት ነው።

እኔ ይህ የገባኝ ዘግይቶ ነው። መጀመሪያ ያስተማረኝ ሰው በተሳሳትኩ ቁጥር ጣቴን በማስመሪያ ይመታኝ ነበር። በፍርሃት የተገተረውን አንጓዬን ለማላላት ዓመታት ፈጅቶብኛል። እናንተ ላይ እንዲደርስ አልፈልግም።

እናቴ የመንዝ ሰው ነበረች። የበግ ጠጉር ስትፈትል አጠገቧ ቁጭ ብዬ አይ ነበር። ክሩን አጥብቃ ብትስበው ይበጠሳል፤ ብትለቀው ይወፍራል። እጇ ግን ከጎረቤት ጋር እያወራችም ልኩን አይስትም። ጥሩ የፒያኖ እጅ ምን እንደሚመስል ሳስብ ትዝ የሚለኝ እሱ ነው።

እስቲ ክንዳችሁን አንሡና ጭናችሁ ላይ ልቀቁት። ዱብ ይበል። ያንን ክብደት በመሀል ጣታችሁ አንድ ቁልፍ ላይ አሳርፉት፤ አንጓችሁ ላላ ይበል። ቀጥሎ የትዝታ ሜጀር ቅኝትን በቀኝ እጃችሁ ከዶ ጀምሩ፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ሁሉም ነጭ ቁልፍ ነው። ስትራመዱ ክብደታችሁ ከእግር ወደ እግር እንደሚያልፍ፣ ከጣት ወደ ጣት አሻግሩት። ከሚ ወደ ሶል አውራ ጣት በሥር ሲያልፍ ድምፁ ጓ ማለት ይወዳል፤ እዚያ ጋ ጆሯችሁን ጣሉ። አምስቱም እኩል እስኪሰሙ አትፍጠኑ። ክንዳችሁን ካመማችሁ ደግሞ አቁሙ። «ቻለው» የሚላችሁን አትስሙት።

በ2015 ዓ.ም. ያረፉትን የፒያኖ ተጫዋቿን መነኩሴ እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ስሟቸው። አንዱ ድምፅ ለሌላው ጊዜ ሲሰጥ ትሰማላችሁ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪዬ አንዷን ላ ብቻ ደጋግማ ስትነካ ቆየች። በመጨረሻ ቁልፉን ሳትለቅ ዝም አለች። ድምፁ ቀጥኖ ቀጥኖ እስኪጠፋ ጠበቀች። ከዚያ ዞር ብላ «ጋሼ፣ ይሄኛው ነው አይደል?» አለችኝ።