«አስትሮኖሚ ቀላል ነው» ለተባለችው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴ ታሪክ መሰለኝ። አካውንቲንግ እየተማርሽ ነው። ኮሌጁ ላብ (ቤተ ሙከራ) ያለው አንድ የሳይንስ ኮርስ የግድ ይላል። አድቫይዘርሽ «አስትሮኖሚ (ሥነ ፈለክ) ውሰጂ፣ ቀላል ነው» አለችሽ። ሒሳብ ከተውሽ ደግሞ ዘጠኝ ዓመትሽ ነው፤ ማታ ማታም ትሠሪያለሽ። እውነት ይቀላል ወይ ነው ያልሽው።

እኔም ሜሪላንድ ውስጥ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ስማር በዚሁ ሰበብ ነው የገባሁበት። ቀን ክላስ፣ ማታ የፓርኪንግ ሥራ። የመጀመሪያውን ፈተና 58 አመጣሁ፤ መጨረሻ ላይ በቢ ወጣሁ። ስለዚህ ሲጥልም ሲያነሳም አውቀዋለሁ።

ከሁሉ በፊት ግን፣ ነገ ወደ ነርሲንግ ወይም ፋርማሲ የመዞር ሐሳብ ካለሽ አስትሮኖሚው ይቅርብሽ። (በዚህ ከተማ አካውንቲንግ ጀምሮ ነርስ ሆኖ የጨረሰ ስንቱ ነው!) እነሱ የሚፈልጉት ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና አናቶሚ ነው። ለአካውንቲንግ ግን ይበቃል። የምትዛወሪበትን ዩኒቨርሲቲም ቀድመሽ ጠይቂ። እኔን የመከረኝ ሰው ላብ የሌለውን ባለ 3 ክሬዲት አስመዘገበኝ። ላቡን በሚቀጥለው ሴሚስተር ለብቻው ከፍዬ ወሰድኩት። እሱ «ይቅርታ» አለኝ፤ ብሩ ግን ከኔ ኪስ ነው የወጣው።

አሁን ሒሳቡ። አትፍሪው። ካልኩለስ የለም። ለምሳሌ የኬፕለር ሦስተኛ ሕግ አለ፦ አንድ ፕላኔት ፀሐይን ለመዞር የሚፈጅበት ዓመት በራሱ ሲባዛ፣ ከፀሐይ ያለው ርቀት ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ ከሚመጣው ጋር እኩል ነው። ርቀቱ የሚለካው ምድር ከፀሐይ ባላት ርቀት ነው። አራት እጥፍ ርቆ የሚዞር ካለ፣ 4 በ4 በ4 64 ነው፤ የ64 ስኩዌር ሩት 8። ስምንት ዓመት ይፈጅበታል ማለት ነው። አለቀ። እንደዚህ ዓይነት ነው የሚመጣው።

የሚያስቸግረው ካልኩሌተሩ ነው፤ አልቀልድም። አንድ ክዊዝ ላይ የፀሐይ ብርሃን ምድር ለመድረስ ስንት ሰከንድ ይፈጅበታል ተባልን። ርቀቱ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር፣ የብርሃን ፍጥነት በሰከንድ 300 ሺህ ኪሎ ሜትር። ማካፈል ብቻ ነው። እኔ ግን ቁጥሮቹን በአስር ፓወር ጽፌ (1.5 × 10⁸ ÷ 3 × 10⁵ ብዬ) ሳካፍል የታችኛውን በቅንፍ አላሰርኩትም። ካልኩሌተሩ በ3 አካፍሎ በ100 ሺህ አባዛልኝ። 5 ትሪሊዮን ሰከንድ! ቆጥሬ አላየሁትም፤ ጽፌ አስረከብኩ። ኋላ ቤት ሳሰላው ከ150 ሺህ ዓመት በላይ ነው። መልሱ 500 ሰከንድ፣ ማለትም 8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ነበር። ፕሮፌሰሩ ከጎኑ «ታዲያ ዛሬ ጠዋት ማን አበራልህ?» ብሎ ጻፈበት። ቅንፍ እሰሪ። ሌላ ምክር የለኝም።

58 ያመጣሁት ግን በሒሳብ አይደለም። የፕላኔቶችን ስም፣ ስፋታቸውን፣ የጨረቃዎቻቸውን ብዛት ሸምድጄ ገባሁ። እኛ አገር ቤት እንደዚያ ነዋ የምናጠናው። ፈተናው ከዚያ አንዱንም አልጠየቀም። «እኩለ ሌሊት ላይ የምትወጣው ጨረቃ ምን ዓይነት ናት? ሙሉ? ግማሽ? ከሆነችስ የትኛዋ ግማሽ?» አለ። ፈዝዤ ቀረሁ። ጨረቃ የምትጎድለው የምድር ጥላ ሲያርፍባት ነው ብዬ ነበር የማምነው። አይደለም። ጥላው የሚያርፍባት በግርዶሽ ጊዜ ብቻ ነው። ሁልጊዜም ግማሽዋ በፀሐይ የበራ ነው፤ የሚለያየው ያንን የበራውን ጎን ከየት በኩል እንደምናየው ነው።

ይሄ የገባኝ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከፓርኪንጉ ጣሪያ ነው። ለአንድ ወር ጨረቃን ማታ ማታ በተመሳሳይ ሰዓት እያያችሁ ሳሉ ተባልን። የኔ ሥራ በአገራችን አቆጣጠር ማታ አንድ ሰዓት ይጀምራል። እየጀመርኩ ላይኛው ፎቅ እወጣና የደረሰኝ ወረቀት ጀርባ ላይ እስላለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ቀጭን ሆና በምዕራብ በኩል ከባንኩ ሕንፃ በላይ። ሳምንት ሲሆናት ግማሽ ሆና በደቡብ። በሁለተኛው ሳምንት ሙሉ ሆና፣ ፀሐይ ስትገባ እሷ በምሥራቅ ብቅ። ከዚያ ጠፋች። ሦስት ቀን ተከታትዬ «ደመና» ብዬ ጻፍኩ። ውሸቴን ነው፤ ሰማዩ እንደ መስታወት ነበር። ፕሮፌሰሩ ወረቀቱን አይቶ «ደመና አልነበረም፤ ገና አልወጣችም ነበር» አለኝ። በየቀኑ በአማካይ 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየች ነው ለካ የምትወጣው። ከሳምንት በኋላ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ በሩን ልዘጋ ስል፣ ግማሽ ጨረቃ ከምሥራቅ ከዛፎቹ መሐል ስትወጣ አየኋት። የጣለኝ ጥያቄ ራሱ መጥቶ ፊቴ ቆመ። ሞልታ ስትመለስ ያለችው ግማሽ ናት፣ ሦስተኛዋ ሩብ የሚሏት። አንቺም ወረቀት ላይ ከምትሟገቺ፣ ወጥ ቤት መብራት አጥፍተሽ አንድ አምፖል እንደ ፀሐይ አብሪ፤ ብርቱካን እንደ ጨረቃ በእጅሽ ዘርግተሽ ያዥና በቦታሽ አንዴ ዙሪ።

ሌላው የሚያምታታን የራሳችን ቋንቋና የራሳችን ሰማይ ነው። ይሄን ማንም አይነግርሽም። ፈተናው ስለ ዊንተር ይጠይቃል፤ አንቺ በልብሽ «ክረምት» ብለሽ ትተረጉሚዋለሽ። የኛ ክረምት ግን ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ ነው፤ የነሱ ሰመር። እኛ ጋ ብርዱን የሚያመጣው ዝናቡና ደመናው ነው እንጂ ፀሐይ ዝቅ ማለቷ አይደለም። እንዲያውም ሰኔ ላይ አዲስ አበባ ብትሆኚ እኩለ ቀን ፀሐይ ከአናትሽ በትንሹ ወደ ሰሜን ታልፋለች፤ ጥላሽ ወደ ደቡብ ይወድቃል። እዚህ ሜሪላንድ ዓመቱን ሙሉ የቀትር ጥላሽ ወደ ሰሜን ነው። ታኅሣሥ ላይ የቀኑ ርዝመት 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ብቻ ይሆናል፤ ሰኔ ላይ ወደ 15 ሰዓት ይጠጋል። አገራችን ግን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነ ቀኑ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙ አይርቅም። ፀሐይ ስትወጣ 12 ብለን መቁጠር የምንችለውም ለዚያ ነው። እዚህ በዚያ አቆጣጠር ብትኖሪ በየወሩ ሰዓትሽን ስታስተካክዪ ትውያለሽ።

አንድ ጥያቄ ደግሞ በርግጠኝነት ይመጣል፦ ለምን ይበርዳል፣ ለምን ይሞቃል? «ምድር ከፀሐይ ስትርቅ ነው የሚበርደው» እንዳትዪ። ምድር ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው በጃንዋሪ መጀመሪያ ነው፤ የኛ ገና ሰሞን፣ እዚህ በረዶ ስንጠርግ። ምክንያቱ ርቀት ሳይሆን ምድር ወደ 23 ዲግሪ ተኩል ያህል ያዘመመች መሆኗ ነው።

ላቡን አትጥዪው፤ ከሁሉም እሱን ነው የወደድኩት። መብራት ይጠፋል። ሃይድሮጅን ያለበት ቀጭን የመስታወት ቱቦ ይበራል። ብርሃን የሚበትን ፕላስቲክ ያለው የካርቶን መነጽር ታደርጊያለሽ። ሮዝ መሳዩ ብርሃን ይፈታና ቀይ፣ ውሃ ሰማያዊና ሐምራዊ መስመሮች ለየብቻቸው ይቆማሉ። እያንዳንዱ ጋዝ የራሱ አሻራ አለው፤ ኮከብ ከምን እንደተሠራ የሚታወቀው በዚህ ነው። መነጽሩን ይዤ ሥራ ሄድኩ። አሮጌው ብርቱካንማ የመንገድ መብራት ተቆራርጦ ታየኝ፤ አዲሱ ኤልኢዲ ደግሞ ያልተቋረጠ ቀስተ ደመና። መኪናቸውን ሊወስዱ የመጡ ሰውዬ ምን ሆነ ብለው ቆመው አዩኝ። አውልቄ ሰጠኋቸው። ቲፕም ጨመሩልኝ።

የከዋክብትን ዓይነት ከትኩሱ ወደ ቀዝቃዛው ስታጠኚ ኦ፣ ቢ፣ ኤ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኬ፣ ኤም የሚባል ቅደም ተከተል አለ። ፈረንጆቹ የራሳቸው ማስታወሻ ዓረፍተ ነገር አላቸው፤ ለኔ አልያዝልህ አለኝ። የራሴን ሠራሁ፦ «ኦ! በላይ አጎቱን ፍለጋ ጎንደር ከተማ መጣ።» የኛዋ ፀሐይ ጎንደር ላይ ናት፣ ማለትም ጂ። ፋይናሉ ላይ እየሳቅኩ ነው የጻፍኩት።

ለፕሮጀክት ፕላኔት ምረጪ ካሉሽ አቦልን ምረጪ። አዎ፣ የቡናውን አቦል። በ2019 የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት የመሰየም ዕድል ሲሰጥ፣ የኢትዮጵያው ኮከብ «ቡና»፣ ፕላኔቱ «አቦል» ተባለ። ፕላኔቱ ከጁፒተር ይከብዳል። የሚገኘው በአንድሮሜዳ ኅብረ ኮከብ ውስጥ ነው፤ በግሪክ ተረት ደግሞ አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። ክላሱ ፊት ይሄን ስናገር አንዷ ልጅ «አቦል ምንድነው?» አለች። አቦል፣ ቶና፣ በረካን ሳስረዳ አስር ደቂቃዬ አለቀ፤ ስለ ፕላኔቱ የተናገርኩት ሁለት ደቂቃ ነው።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ከላቡ ጋር በሳምንት ሰባት ስምንት ሰዓት ከክላስ ውጪ መድቢ። አንዳንዱ ኮሌጅ ላቡ ማታ ነው፣ ሰማይ ለማየት፤ ከመመዝገብሽ በፊት ከሥራሽ ጋር አገናዝቢው። በኦንላይን ከሚሰጠው ፊት ለፊት ያለው ይሻላል። መጽሐፍ ደግሞ ቸኩለሽ አትግዢ፤ ኦፕንስታክስ የሚያወጣው የአስትሮኖሚ መማሪያ በነፃ ይወርዳል። አስተማሪሽ እሱን ከተቀበለ ብሩ ኪስሽ ቀረ።

ስቴላሪየም የሚባለውንም ኮምፒውተርሽ ላይ ጫኚ፤ እሱም ነፃ ነው። የቆምሽበትን ቦታ ስትነግሪው የዚያን ሌሊት ሰማይ ያሳይሻል። እኔ መጀመሪያ ያስገባሁት ደብረ ብርሃንን ነው። እዚህ ጣሪያው ላይ የሰሜን ኮከብ 39 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ነው የሚታየው። ደብረ ብርሃን ላይ 10 ዲግሪ እንኳ አይሞላም፤ ከቤታችን በስተሰሜን ያለው ጉብታ ይሸፍነዋል። ልጅ ሆኜ አንድ ቀን እንኳ አይቼው የማላውቀው ለካ ለዚህ ነው።