«ጋሼ፣ የዘይት መብራቷ በራች» ሲሏችሁ

አዳማ ላይ ከባድ ማሽን አሰማርታችሁ ውጭ አገር የምትኖሩ ሁሉ፣ የሞተር ዘይት ግፊት ሲወርድ የምታስጠነቅቀው የዳሽቦርድ መብራት በራች የምትለዋን ስልክ አንድ ቀን ማንሳታችሁ አይቀርም። ብዙ ጊዜ የሚደወለው ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ነው። ፀሐዩ የሚበረታው፣ የሞተር ዘይት የሚቀጥነው ያኔ ነዋ። ዋሽንግተን ላላችሁት ገና መንጋቱ ነው፤ ቡና እንኳ አልቀመሳችሁም። መልሱ ግን ተዘጋጅቶ መጠበቅ አለበት፦ «ሞተሩን አጥፋ። አሁኑኑ። ከዚያ እናወራለን።»

ውጭ አገር የከባድ ማሽን መካኒክ ሆኜ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ አሁን አዳማ ነኝ። እዚህ የማየው ሞተር የሚበላሸው መብራቱን ያየ ሰው ጠፍቶ አይደለም። ያየው ሰው ማሽኑን ለማቆም ስላልደፈረ ነው። ማሽኑ የሚከራየው በሰዓት ነው። ሲኖትራኮቹ ተሰልፈዋል፣ ተቋራጩ ሰዓቱን እያየ ቆሟል፣ የኦፕሬተሩም አበል የሚታሰበው በሠራው ሰዓት ነው። ቢያቆም የሚጮህበት ብዙ ነው፤ ባያቆም ግን ለዛሬ የሚናገረው የለም። እናም «ይቺን መኪና ልጫንና» ይላል። ዘይት ያጣ ክራንክ ሻፍት (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ግን መኪናው እስኪሞላ አይታገስም። በደቂቃዎች ውስጥ ነገሩ ያልቃል።

ስለዚህ ሥራችሁ ከመፍቻው በፊት ከውሉ ይጀምራል። የዘይት ግፊት መብራት አይቶ ማሽን ያቆመ ኦፕሬተር የዚያን ቀን አበሉ እንደማይቆረጥበት አስቀድማችሁ ንገሩት። መብራቱ የውሸት ሆኖ ቢገኝ እንኳ! ከተከራዩ ጋር በምትፈርሙት ወረቀት ላይም ለምርመራ የቆመ ሰዓት ቅጣት እንዳያመጣባችሁ አስገቡበት። ማሽኑን የሚያስተዳድርላችሁ አማች ወይም የእህት ልጅ ካለም እሱን በደንብ አስማሙት። «ኧረ ቀጥል፣ ምንም አይሆንም» የሚለው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

አሁን ወደ ሞተሩ። የዘይት ፖምፓ ግፊት አይሠራም፤ ዘይት ብቻ ነው የሚገፋው። ግፊቱ የሚፈጠረው ዘይቱ በክራንክ ሻፍቱና እሱን አቅፈው በሚይዙት ስስ ግማሽ ቀለበቶች፣ በብሮንዚናዎቹ፣ መካከል ባለችው ጠባብ ክፍተት ለማለፍ ሲታገል ነው። ሰፈሩ ሁሉ ቧንቧውን አንድ ላይ ሲከፍት የናንተ ቤት ውኃ እንደሚደክመው፣ ያ ክፍተት በሰፋ ቁጥር ግፊቱ ይወርዳል። ዘይቱ ከቀጠነም ይወርዳል፣ ካነሰም ይወርዳል። እንግዲህ «ፖምፓው ነው» ብሎ የሚጀምር መካኒክ ሲያጋጥማችሁ ትንሽ ጠርጥሩ። ፖምፓ ይበላሻል፤ ግን ተራው ሩቅ ነው።

ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ማሽኑ ለጥ ያለ ቦታ ላይ ከሆነ አሥር ደቂቃ ይጠበቅና ሊቤሎው (የዘይት መጠን መለኪያ ዘንጉ) ይወጣ። በቪዲዮ እዩት። ዘይቱ ጎድሎ ከሆነ ተመስገን በሉ፤ ግን «ጨምርና ሥራ» አትበሉ፣ የት እንደሄደ ይፈለግ። በቅርቡ ዘይት ተቀይሮ ከነበረ የፊልትሮው ሥር ይታይ። የድሮው ፊልትሮ ጎማ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ አዲሱ በላዩ ሲታሰር፣ ሞተሩ ግፊት ሲይዝ ዘይቱ ፏ ብሎ ይወጣል። ዘይቱ ቡና በወተት መስሎ ከሆነ ደግሞ ውኃ ገብቶበታል፤ ማሽኑ አይነሳም፣ የዘይት ማቀዝቀዣውና ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ይመርመሩ።

ብዙዎቻችሁን የሚያታልለው ግን የጎደለው ሳይሆን የተረፈው ዘይት ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ገረጋንቲ የሚጫንበት ቦታ አንድ ሎደር ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ባለቤቱ ጀርመን ነው። ጠዋት ደህና ነው፤ ከሰዓት ሞተሩ ጋዝ ሳይሰጠው ሲቆም መብራቱ ይበራል፣ ጋዝ ሲሰጠው ይጠፋል። መካኒኩ «ሞተር መውረድ አለበት» ብሎ ገንዘብ እንዲላክ አስደውሏል። ኦፕሬተሩ ደግሞ ኩራት ብሎት «ዘይቱ ሙሉ ነው ጋሼ፣ እንዲያውም ከልክ አልፏል» አለኝ። ሊቤሎውን አወጣሁት። እውነትም ከላይኛው ምልክት አንድ ጣት ያህል አልፏል። ማንም አልጨመረም። አሸተትኩት፣ ናፍጣ ናፍጣ ይላል። አንድ ጠብታ ሶፍት ላይ ጣል ሳደርግ መሐሉ ጥቁር፣ ዙሪያው ደግሞ ገርጣ ያለ ሰፊ ቀለበት ሆኖ ተዘረጋ። የባልቮላ ክዳኑ ሥር ያለው የኢንጀክተሮቹ (የናፍጣ መርጫዎቹ) መመለሻ መስመር ላይ ማሸጊያው አርጅቶ ናፍጣው ቁልቁል ዘይቱ ውስጥ ይንጠባጠብ ነበር። ማሸጊያው ተቀየረ፣ ዘይትና ፊልትሮ ተቀየረ፣ ግፊቱ ተመለሰ። ሞተሩ አልወረደም። ዘይት ራሱን አይወልድም፤ ሳይጨመርበት ከፍ ካለ አንድ ነገር እየገባበት ነው።

ሊቤሎው ልክ ከሆነና ሞተሩ ከመጥፋቱ በፊት የመንኳኳት ድምፅ ካልነበረ፣ ቀጣዩ ሥራ ግፊቱን በጌጅ መለካት ነው። የኤሌክትሪኩ ሴንሰር ይነቀልና በቦታው ሜካኒካል ጌጅ ይታሰራል። ይህቺን ዕቃ ሻንጣችሁ ውስጥ ከሽቶውና ከጫማው ጎን ይዛችሁ ኑ። እስከ 100 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ ነው) የሚያነብ፣ የተለያየ ጥርስ ያላቸው ማገናኛዎች አብረውት ያሉት ይሁን። የጃፓን ማሽን ጥርስና የአሜሪካን ማሽን ጥርስ አንድ አይደለም፤ ጌጅ ኖሮ ማገናኛ ጠፍቶ ቀኑን ሙሉ ከተማ ሲፈለግ አይቻለሁ። ሞተሩ ሲነሳ የጌጁ እጅ በአሥር፣ አሥራ አምስት ሰከንድ ውስጥ ካልተነሳ ወዲያው ይጥፋ።

ቁጥሩ ከየሞተሩ ማኑዋል ይወሰዳል። ለምሳሌ በብዙ ማሽን ላይ የምናገኘው ባለ 5.9 ሊትር ከሚንስ ሲክስ ቢቲ፣ ዘይቱ ሞቆ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር ዝቅተኛው የሚፈቀድለት 10 ፒኤስአይ ነው፤ በሙሉ ዙር ደግሞ 30። ወደ ባር ስትመልሱት 0.7 እና 2.1 ገደማ ይሆናል። ጤነኛ ሞተር ከዚህ በላይ ያነባል። ልኬቱ ማሽኑ ሠርቶ ከሞቀ በኋላ ይሁን። ጠዋት በቀዝቃዛ ዘይት ተለክቶ «ይኸው 60 አነበበ» ቢሏችሁ ምንም አልነገሯችሁም። ያረጀ ሞተር ጠዋት ጠዋት ጎረምሳ ነው።

ጌጁ ደህና ግፊት እያሳየ መብራቱ ከበራ፣ ችግሩ ሴንሰሩ ወይም ሽቦው ነው። ንዝረት ሽቦውን ከብረት ጋር እያፋጨ ይልጠዋል። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ንባብ ከሙሉ ወደ ዜሮ ዘሎ ወዲያው የሚመለስ ከሆነም ቅድሚያ የሚጠረጠረው ይኸው ነው፤ እውነተኛ ግፊት እንዲህ አይዘልም። ማሽኑ ዳገት ወይም ቁልቁለት ላይ ሲያዘነብል ብቻ መብራቱ ከበራ፣ የዘይቱ መጠንና ከታች ዘይት የሚስበው ቱቦ ይታይ። ጥገና ተደርጎ ወዲያው ግፊቱ ከወደቀ ደግሞ የግፊት መቆጣጠሪያ ባልቮላው ውስጥ ቆሻሻ ገብቶ ክፍቱን ይዞት ሊሆን ይችላል። እሱን አውጥቶ ማጽዳት ከሞተር ማውረድ ጋር አይወዳደርም።

ጌጁ ዝቅ ብሎ ካነበበ፣ ዘይቱም ደህና ከሆነ፣ ፊልትሮው ይቀደድ። በግራይንደር እንዳይሆን፤ የራሱን ብናኝ ይጨምርበትና ምርመራውን ያበላሸዋል። ለዚሁ የተሠራ መቁረጫ አለ፣ የቆርቆሮ መክፈቻ የሚመስል። ወረቀቱ ከውስጥ ይወጣና ዘይቱ ተጨምቆ ፀሐይ ላይ ይዘረጋል። የሚያብለጨልጭ ነገር ካለበት ማግኔት ይጠጋው። ማግኔት የሚያነሳው ብረት ነው። የማያነሳው፣ ለስለስ ያለ ግራጫ ቅርፊት ከብሮንዚናው የላይኛው ሽፋን የመጣ ሊሆን ይችላል። መዳብማ ቀለም ካያችሁ ሽፋኑ አልቆ ወደ ታችኛው ንብርብር ደርሷል ማለት ነው። ያኔ ገንዘብ አዘጋጁ። ይህን ፎቶ ሳታዩ ግን ለ«ሞተር ይውረድ» ሳንቲም አትላኩ። ፎቶውን ደግሞ እጅ ሳይቀያየር፣ ፊልትሮው ከማሽኑ ሲፈታ ጀምሮ በአንድ ቪዲዮ ይቅረጹላችሁ። ሰው አለማመን አይደለም፤ ጋራዥ ውስጥ የተቀደደ ፊልትሮ ሞልቷል።

አዳማ ላይ ክፍተቱን በፍጥነት የሚያሰፋው አቧራ ነው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነን፤ መሬቱ የእሳተ ገሞራ አመድና ፑሚስ ነው። ሲደቅ እንደ ዱቄት ይቦናል፣ ሞተር ውስጥ ሲገባ ግን ብርጭቆ ወረቀት ነው። እኛ ጋ ደግሞ የአየር ፊልትሮን ጎማ ላይ እየደበደቡ የማራገፍ ልማድ አለ። ወረቀቱ ይሰነጠቃል፣ አቧራው በስንጥቁ ይገባል፣ ፒስተኑን ፍቆ ዘይቱ ውስጥ ይወርዳል። የአየር ፊልትሮ ላይ የምትቆጥቡት ብር ብሮንዚና ላይ ነው የሚከፈለው። ከቻላችሁ ይህንንም ከውጭ ላኩ፤ ዋናውንም የውስጡንም።

ሌላው፣ በርሜሎቹ። የሃይድሮሊክ ዘይትና የሞተር ዘይት ጎን ለጎን ቆመው፣ ጽሑፋቸው በቅባት ተሸፍኖ፣ ረዳቱ ከቀረበው ሲቀዳ ይታያችሁ። ብዙ ማሽን ላይ የሚገባው የሃይድሮሊክ ዘይት ከሞተሩ ይልቅ ቀጭን ነው። ለአዳማ አየር 15ደብሊው40 የሚባለው የሞተር ዘይት ለአብዛኛው ዲዝል ሞተር ይስማማል። በርሜሎቹን በቀለም ለዩአቸው፣ አንዱን ቀይ፣ አንዱን ሰማያዊ። ታሽጎ ከማይመጣ ዕቃ የሚቀዳ ዘይትም አይግባ።

ያገለገለ ማሽን ልትገዙ ከሆነ አንድ ነገር ጨምሬ ልንገራችሁ። ደካማ ሞተርን በወፍራም ዘይት ወይም በሚጨመር ማወፈሪያ ለገበያ ቀን ማሳመር ይቻላል። ከዚህም አልፎ መብራቱን ራሱን ዝም የሚያሰኙ አሉ። ስለዚህ ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉ ብቻ ይዞር። የዘይት መብራቷ መብራት አለባት፤ አዳዲሶቹ ላይ ስክሪኑ ለጥቂት ሰከንድ ሁሉንም ምልክት አብርቶ ያጠፋል። ካልበራች ወይ ተበላሽታለች ወይ አንድ ሰው ነካክቷታል። ከዚያ ማሽኑ ሙሉ ሰዓት ይሥራ፣ ይሙቅ፣ በጌጅ ይለካ። ሻጩ «ጌጅ ምን ያደርጋል፣ ድምፁን ስማው» ካለ ደህና ዋል ብላችሁ ሂዱ። ማሽኑን ከርቀት የሚያሳየው የፋብሪካው መከታተያ፣ ኮማትሱ ከገዛችሁ ኮምትራክስ፣ ካተርፒላር ከሆነ ቪዥንሊንክ፣ መሥራት አለመሥራቱን ጠይቁ። የሚሠራ ከሆነ ማስጠንቀቂያው እናንተም ስልክ ላይ ይታያል፤ ደዋይ አትጠብቁም።

የግድ ሆኖ ሞተሩ ከወረደ፣ ብሮንዚና ብቻ ቀይሮ መግጠም አይበቃም። ክራንክ ሻፍቱ ይለካ፣ ካስፈለገ ይላግ፤ ብሮንዚናውም በተላገው ልክ ይገዛ። የዘይት ማቀዝቀዣው ውስጥ የድሮው ብናኝ ተደብቆ ይቀራል፤ ካልተቀየረ ወይም በደንብ ካልታጠበ አዲሱን ብሮንዚና ይበላዋል። መካኒኮች ብዙ ጊዜ የሚዘሉት ይህንኑ ነው። ተገጥሞ ሲያልቅም ወዲያው አይነሳ። ናፍጣው ተዘግቶ በሞተሪኖ (በሞተር ማስነሻው) ብቻ ይዙር፣ የጌጁ እጅ ከዜሮ ስትነሳ ናፍጣው ይከፈት። ቪዲዮ የምትጠይቁት እዚህ ጋ ነው፤ ጌጁና የሰዓት ቆጣሪው በአንድ ላይ የሚታዩበት። ከዚያ ማሽኑ ሞቆ ቀስ ብሎ ሲዞር ያለውን ንባብ ይላኩላችሁ። የጥገናውን ቀሪ ክፍያ ከዚያ በኋላ ልቀቁ።